የመስተዋት ክር በአቃቂ ቃሊቲ፦ የጥጥ ብናኝ ጥናቶች ያሳዩትና የጋረዱት

በኢትዮጵያ የሥራ ጤና ምርምር ውስጥ የጥጥ ብናኝ ጎላ ያለ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪታንያ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዕጣ የተመረጡ 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጥጥ በሚፍታታበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በሚበጠርበት ክፍል ከሚሠሩት ደግሞ 37.5 በመቶ የሚሆኑት በቢሲኖሲስ የተያዙ መሆናቸውን አሳየ። በ1995 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን የሚመለከት ተመሳሳይ ጥናት አወጣ። በ2010 ደግሞ ካሳሁን ዓለሙ፣ አበራ ቁሜ እና ጌይል ዴቪ በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ስለ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ለብናኙ ከተጋለጡት ሠራተኞች 38 በመቶ ያህሉ የዚሁ በሽታ ምልክት እንዳለባቸው ገለጹ። ከመጀመሪያው ጥናት እስከ መጨረሻው ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ መንግሥትም የፋብሪካ ባለቤትነትም በመካከሉ ተለውጧል፤ የሠራተኛው ሳንባ ግን ብዙም የተለወጠ አይመስልም።

የእነዚህ ጥናቶች ብርታት የሚናቅ አይደለም። በተለይ የ2010ሩ ጥናት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሐኪም በቀላሉ የማያገኘውን እውነታ በቁጥር አስቀምጧል። ቢሲኖሲስ ለጥያቄ የሚመች በሽታ መሆኑም ረድቷል፤ ሠራተኛው ከዕረፍት ቀኑ ተመልሶ ሥራ በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ደረቱ መጨነቁን፣ ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ደግሞ መቅለሉን ይናገራል። ጥያቄው የታወቀ፣ ብናኙ የታወቀ፣ ክፍሉም የታወቀ ነው። ብናኙ በብዛት ከሚነሣበት ክፍል ወደ ሽመናው በተሄደ ቁጥር ሕመሙ እንደሚቀንስ ማሳየት ይቻላል። ለአንድ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ምቹ ሁኔታ አይገኝም።

ሒሱ የሚጀምረው ከዚሁ ምቹነት ነው። የጥጥ ጥናቶች «የሥራ ብናኝ» ሲባል በአንድ አጥር ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ፣ በፋብሪካውም ውስጥ በስም የሚጠራ አንድ ክፍል፣ በክፍሉም ውስጥ በደመወዝ መዝገብ የሰፈረ ሠራተኛ ማሰብን አስለምደዋል። ብናኝ ግን ሁልጊዜ በአንድ አጥር ውስጥ አይኖርም። የመስተዋት ክር፣ ሠራተኛው በአጭሩ «ፋይበር» የሚለው፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋይበር ግላስ የአንድ ሙያ ጉዳይ ስላልሆነ ከጥጥ በተወሰደ መነጽር ሲፈለግ በቀላሉ ከዓይን ይሰወራል።

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት ሥራ፣ የምግብ ማቀነባበሪያ፣ መጋዘን፣ የጭነት መኪና ማቆሚያና ጋራዥ ጎን ለጎን የሰፈሩበት ክፍለ ከተማ ነው። እንፋሎት የሚጠቀም ፋብሪካ ሁሉ ቦይለርና የእንፋሎት ቱቦ አለው፤ ቱቦው ሙቀት እንዳያባክን በመስተዋት ሱፍ ወይም በድንጋይ ሱፍ ይጠቀለላል፤ ቱቦው ባፈሰሰ ቁጥርም የጥገና ሠራተኛው ያንኑ ሱፍ በእጁ ይገሸልጣል። የቀዝቃዛ መጋዘንና የቆርቆሮ አዳራሽ ግድግዳና ጣሪያ ሲሠራም ይኸው ሱፍ ሊገባበት ይችላል። ጋራዥ ውስጥ የተሰበረ የመኪና መከላከያ ወይም የተቦረቦረ የጭነት መኪና አካል በፋይበር ምንጣፍና በሬዚን ይለጠፋል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በኤሌክትሪክ መፍጫ ይስተካከላል፤ ስቱኮ ይደፈናል፤ ቀለም ይቀባል። ታንከር፣ ገንዳ፣ ብርሃን የሚያስገባ የጣሪያ ክዳንና የማስታወቂያ ቅርጽ የሚያወጡ ወርክሾፖችም በዚሁ ቁስ ይሠራሉ። በመጨረሻም አሮጌው ሕንፃ ሲፈርስ ሱፉን ከቆርቆሮው ለይቶ የሚጭነው የቀን ሠራተኛ አለ፤ ቁራሌውም አለ። እነዚህ ሁሉ አንድ ብናኝ ይጋራሉ፤ አንድ የደመወዝ መዝገብ ግን አይጋሩም። ብዙዎቹ ከነጭራሹ በመዝገብ ላይ የሉም።

ችግሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በ«ፋይበር ግላስ» ስም የሚጠሩት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸው ነው። ለማጠናከሪያ የሚውለው ረጅሙ ክር እንደ ጨርቅ ተሸምኖ ወይም እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚሸጥ ሲሆን፣ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ6 እስከ 15 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ለመድረስ ከ3 ማይክሮሜትር የቀጠነ መሆን ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ክር ከአፍንጫና ከጉሮሮ ብዙም አያልፍም። ለሙቀት መከላከያ የሚውለው የመስተዋት ሱፍ ግን ቀጭኑም ወፍራሙም የተደባለቀበት ስለሆነ ከፊሉ ሳንባ ይደርሳል። መስተዋት እንደ አስቤስቶስ በቁመቱ እየተሰነጠቀ አይቀጥንም፤ ሲሰበር ወርዱን ተከትሎ ስለሚቆረጥ ያጥራል እንጂ አይቀጥንም። ሳንባ ውስጥ የገባውም የተለመደው የሱፍ ዓይነት በጊዜ ይሟሟል። በመስተዋት ክርና በአስቤስቶስ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይህ ሲሆን፣ «ፋይበር ሁሉ ካንሰር ያመጣል» የሚለውን የጋራዥ ወሬ ለማረም በቂ ነው። የቦይለር ጥገና ሠራተኛ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ በዕድሜ የገፋ የቱቦ መጠቅለያ መስተዋት መስሎ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ብቻ መለየትም አይቻልም።

ስለ ካንሰር የተሰጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1988 የመስተዋት ሱፍን «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» በሚለው ምድብ 2ለ አስቀምጦት ነበር። በ2001 ሊዮን ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ለሕንፃና ለቱቦ መከላከያ የሚውለውን ሱፍ ወደ ምድብ 3 አወረደው፤ ረጅሙም ክር በዚሁ ምድብ ተመደበ። ለልዩ አገልግሎት የሚሠሩ ቀጫጭን የመስተዋት ክሮችና ለከፍተኛ ሙቀት የሚውለው የሴራሚክ ክር ግን እዚያው 2ለ ውስጥ ቀሩ። ምድብ 3 «ያለው ማስረጃ ለመመደብ አይበቃም» ማለት እንጂ «ጉዳት የለውም» ማለት አይደለም። በአስመጪዎች የማስተዋወቂያ ወረቀት ላይ ይህ ልዩነት ቢጠፋ አያስገርምም፤ በሐኪም ንግግር ውስጥ ሲጠፋ ግን ያሳዝናል።

ከዚህም የሚበልጥ ጉድለት አለ። ለውሳኔው መሠረት ከሆኑት ጥናቶች ትልቁ በአሜሪካ በ10 የፋይበር ግላስ ፋብሪካዎች ከ32,000 በላይ ሠራተኞችን የተከታተለው ነው። በአካባቢው ሕዝብ ላይ ከሚጠበቀው ይልቅ በመተንፈሻ አካላት ካንሰር የሞቱት በ6 በመቶ ገደማ በልጠው ተገኙ፤ የሲጋራ ማጨስ ሲታሰብበት ግን ከክሩ ጋር የሚያያይዝ ግልጽ ምልክት አልተገኘም። ጥናቱ ሰፊና ጥንቁቅ ነው። የተጠኑት ግን ክሩን የሚያመርቱ እንጂ ክሩን የሚጠቀሙ ሠራተኞች አይደሉም። አምራቹ የሚሠራው አየር ማውጫ በተገጠመለት ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ትኩሱ ክር ገና ሲወጣ በማጣበቂያና በዘይት ይረጫልና ብዙም አይቦንም። በጠባብ ጣሪያ ሥር ተንበርክኮ አሮጌ ሱፍ የሚገሸልጠው፣ ወይም የደረቀ ፋይበር በመፍጫ የሚፈጨው ሠራተኛ ግን ከአምራቹ የባሰ ብናኝ ሊገጥመው ይችላል። ሥራውም ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ስለሆነ ለዓመታት ለመከታተል አይመችም። ስለ አምራቹ የተሰጠ የማጽናኛ ቃል ለተጠቃሚው እንዳለ ሲተላለፍ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። የጥጥ ጥናቶቹም ጉድለት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ፋብሪካ ገብቶ በዚያ ቀን ሥራ ላይ ያለውን የሚጠይቅ ጥናት፣ ደረቱ አልችል ብሎት ሥራውን ትቶ የሄደውን አያገኘውም።

ካንሰር የውይይቱን ሰፊ ቦታ ሲይዝ፣ በየዕለቱ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ቆዳ ይረሳል። ሐኪም፣ ጤና መኮንንና ነርስ የመስተዋት ክርን የሚያገኙት በአብዛኛው በሳንባ ፊልም ላይ ሳይሆን በሚያሳክክ ክንድ ላይ ነው። ውፍረታቸው ከ4 ወይም ከ5 ማይክሮሜትር የሚበልጥ ክሮች እንደ ጥቃቅን መርፌ የላይኛውን ቆዳ ይወጋሉ። ይህ አለርጂ ሳይሆን መወጋት ስለሆነ በመጀመሪያው የሥራ ቀን እንኳ ሊጀምር ይችላል። ትናንሽ ቀያይ ጉብታዎች በክንድ፣ በአንገት ዙሪያ፣ ቀበቶ በሚያርፍበት ወገብና በቆዳ እጥፋቶች ላይ ይወጣሉ፤ ሕመምተኛው ስለሚያክ ይላጣሉ፤ አንዳንዴም ያመረቅዛሉ። አንዳንዱ ሠራተኛ ከሳምንታት በኋላ ይለምደዋል፤ ለጥቂት ቀናት አርፎ ሲመለስ ግን እንደገና ይጀምረዋል።

አንድ ወጣት እንዲህ ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ እንበል። ያሳክከዋል፤ በጣቶቹ መካከልና በክንዱ ላይ ጉብታ አለ፤ የሚኖረው ከሌሎች ጋር በጋራ ክፍል ነው። የሚታዘዝለት ሕክምና አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ እከክ ተብሎ ቤንዚል ቤንዞዌት ወይም አይቨርሜክቲን። ምርመራው ሞኝነት አይደለም፤ እከክ በእርግጥም የተስፋፋ በሽታ ነው፤ በቅርብ ዓመታትም በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ወጣቱ ግን ቅባቱን ተቀብቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይመጣል። «ቤተሰቡ አልታከመም፤ ብርድ ልብሱም አልተቀቀለም» ይባላል፤ ሕክምናውም ይደገማል። ቤንዚል ቤንዞዌት ራሱ ቆዳን የሚያቃጥል መድኃኒት ስለሆነ፣ በተወጋና በተላጠ ቆዳ ላይ ሲደጋገም ሌላ ቁስል ይጨምራል።

ሁለቱን መለየት የሚከብድ አይደለም፤ መጠየቅ ብቻ ይፈልጋል። የእከክ ማሳከክ በሌሊት ይብሳል፤ የክሩ ማሳከክ ሥራ በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ ይነሣል፤ በዕረፍት ቀንም ይቀላል። እከክ በብልት አካባቢና በጣቶች መካከል ቀጭን የመንገድ ምልክት ይተዋል፤ ክር ይህን አያደርግም። «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ ወይ?» የሚለው የታወቀ ጥያቄ ግን እዚህ ላይ ያሳስታል። የሠራተኛው ቱታ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ሲታጠብ ክሩ ወደ ልጆቹ ልብስና ወደ አንሶላው ይተላለፋል፤ ልብሱን የምታጥበው ሚስቱ ወይም እኅቱም ክንዷን ታክካለች። «እከክ ነው» ለማለት ዋና ማስረጃ የሚሆነው የቤተሰብ ማሳከክ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሁለቱንም በሽታ ይመስላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ማረጋገጫው ደግሞ ርካሽ ነው። ግልጽ የሆነ ማጣበቂያ ፕላስተር በሚያሳክከው ቦታ ላይ ተጭኖ ይነሣል፤ በስላይድ ላይ ተለጥፎም በዝቅተኛ የማጉያ ኃይል ይታያል። የመስተዋት ክር ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ትይዩ የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ በትር ይመስላል። አቃቂ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከሰው ልብስ ላይ የጥጥ ክር ሁልጊዜ አይጠፋም፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ልብስ ላይ ደግሞ ይበዛል። የጥጥ ክር ጠፍጣፋና እንደ ሪባን የተጠማዘዘ ነው። ፖላራይዝ የሚያደርግ ማጣሪያ ያለው ማይክሮስኮፕ ከተገኘ ጥጡ በጨለማው መስክ ላይ ያበራል፤ መስተዋቱ ግን አያበራም። የእከክ ምርመራ ለማድረግ ቆዳ ፍቆ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚያይ ላቦራቶሪ በዚያው ስላይድ ላይ ክሩንም ሊያገኘው ይችላል፤ የሚፈልገውን ካወቀ ነው።

ከማዕድን ብናኝ የሚመጣ የቆዳና የእግር ጉዳት ለኢትዮጵያ ሐኪም እንግዳ ነገር አይደለም። ከ2010ሩ የአቃቂ ጥናት ጸሐፊዎች አንዷ ጌይል ዴቪ ይበልጥ የሚታወቁት በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን በሚሠሩ ገበሬዎች ላይ በሚታየው የእግር ዝሆኔ ጥናታቸው ነው። ከአፈር የሚገባ ጥቃቅን ማዕድን እግር ሊያሳብጥ እንደሚችል የተቀበለ ሕክምና፣ ከቦይለር ቱቦ የሚወድቅ ማዕድን ክንድ ሊያሳክክ እንደሚችል ለመቀበል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ሁለተኛው የተረሳ ጉዳይ ሬዚኑ ነው። በጋራዥና በቅርጽ ማውጫ ወርክሾፕ የሚሠራው ሰው በዋናነት የሚተነፍሰው ክሩን ሳይሆን ስታይሪንን ነው። ፖሊስተር ሬዚን ከክብደቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ስታይሪን ሲሆን፣ ሲለጠፍና ሲደርቅ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የዓይንና የጉሮሮ ማቃጠል፣ ሲቆይም የቀለም መለየት ችሎታ መዳከም ይከተላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2018 ስታይሪንን «ለሰው ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ወደሚለው ምድብ 2ሀ ከፍ አድርጎታል። ክሩ በ2001 ዝቅ ሲል ሬዚኑ በ2018 ከፍ ማለቱን ልብ ይሏል፤ የብዙ ሠራተኞችና የብዙ ሐኪሞች ፍርሃት ግን አሁንም በክሩ ላይ ብቻ ነው። ለማድረቂያ የሚጨመረው ፔሮክሳይድ ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት የሚያድነው ለደቂቃዎች ሳይቋረጥ በብዙ ውኃ ማጠብ ብቻ ነው።

በ2013 አንድ የሐኪሞች ቡድን በፋይበር ግላስ ሥራ ላይ የነበሩ ስድስት ሰዎች ብሮንኪዮላይቲስ ኦብሊቴራንስ በሚባለው ትንንሾቹን የአየር ቱቦዎች በሚደፍን በሽታ መያዛቸውን ገልጾ፣ «አዲስ የሥራ በሽታ ይሆን?» ሲል ጠየቀ። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ መንስኤውም ተለይቶ አልተረጋገጠም፤ ጥርጣሬው ወደ ስታይሪን ያዘነብላል። ለአቃቂ ቃሊቲ ሐኪም ግን ስድስቱ ብዙ ያስተምራሉ። ይህ በሽታ ያለበት ወጣት ደረቅ ሳልና ሥራ ላይ የሚያቃትት ትንፋሽ ይዞ ይመጣል፤ የደረት ፊልሙ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ አክታው ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል (ይህም ትክክል ነው)፤ ከዚያም «አስም» ይባልና የሚነፋ መድኃኒት ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ግን ብዙም አይለውጠውም። ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ስፓይሮሜትሪ ቢሠራለት የአየር መዘጋቱ የማይመለስ መሆኑ ይታይ ነበር። ስፓይሮሜትር በሌለበት ጤና ጣቢያ ቢያንስ «አስም» የሚለው ስም ከመጽናቱ በፊት ሥራው ሊጠየቅ ይችላል። የጨርቅ ማስክ የሬዚን ትነት እንደማያስቀር ለሠራተኛው መንገርም ገንዘብ አያስወጣም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከሕክምና ወደ ሕግ ይሻገራል፤ ስሕተቱም ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 እና በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ ይተረጉማሉ። በሠንጠረዥ የሰፈረ በሽታ ሠንጠረዡ ከጠቀሰው ሥራ ጋር ከተገናኘ በሥራ ምክንያት እንደመጣ ይቆጠራል፤ በሠንጠረዡ ያልሰፈረም ቢሆን ማስረጃ ሊቀርብለት ይችላል። ይሁንና አዋጆቹ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚዘወተሩ ነዋሪና ተላላፊ በሽታዎችን፣ እነርሱን መከላከል ሥራው ከሆነ ሠራተኛ በስተቀር፣ ከትርጉሙ ውጭ አድርገዋል። ድንጋጌው ምክንያታዊ ነው፤ የወባ አገር ሠራተኛ ወባ ስለታመመ አሠሪው ይካስ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጤና ጣቢያው በካርዱ ላይ «እከክ» ብሎ በጻፈ ጊዜ የሠራተኛውን ሕመም በዚህ በር አውጥቶታል። «አስም» ብሎ በጻፈ ጊዜም ከሥራ ጋር ሳያያይዝ ቀርቷል። የጻፈው ሰው ሕግ እየተረጎመ መሆኑን አላሰበም፤ ብዕሩ ግን ይህን አድርጓል። ጋራዥ ውስጥ በራሱ ስም እየተዋዋለ የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ከመጀመሪያውም በአዋጁ ጥላ ሥር የለም።

የሕክምና ካርዱ «ሥራ» የሚል መስመር አለው። በዚያ መስመር ላይ «የግል»፣ «የቀን ሠራተኛ» ወይም «ሾፌር» ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ባዶውን ይቀራል። «የቀን ሠራተኛ» የሥራ ውል ዓይነት እንጂ የሥራ ዓይነት አይደለም፤ ሲሚንቶ የሚሸከመውም፣ ሱፍ የሚገሸልጠውም፣ ሬዚን የሚበጠብጠውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። የጥጥ ጥናቶቹ ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ክፍሉ የሥራውን ዓይነት ይነግራቸው ነበር። የፋይበር ጥናት የሚያስብ ተመራማሪ ግን ክፍል አያገኝም። ፋብሪካ መርጦ ከመግባት ይልቅ ተግባርን መርጦ መከተል ይኖርበታል፤ መግሸለጥን፣ መቁረጥን፣ መፍጨትን፣ መለጠፍን፣ ማጠብን። የብናኝ መለኪያውም በአዳራሹ መካከል ቢቆም አይጠቅምም፤ ከሠራተኛው አንገት አጠገብ መንጠልጠል አለበት፤ የሬዚኑ ትነትና ክሩም ለየብቻ መለካት አለባቸው። ናሙናውም ዛሬ ከሚሠሩት ብቻ ሳይሆን ሥራውን ከተዉትም መውሰድ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ደግሞ ከፋብሪካው በር ይልቅ የሠፈሩ እድርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይበልጥ ያውቃሉ።

ለመከላከል የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ረጅም ጽሑፍም አያስፈልገውም። ሱፉ ከመነካቱ በፊት በውኃ ማርጠብ፣ ከመፍጨት ይልቅ በተቻለ መጠን በቢላዋ መቁረጥ፣ እጅጌው የሚያጠብቅ ሰፊ ቱታ መልበስ፣ ከሥራ በኋላ ሳያሹ በብዙ ውኃ መታጠብ፣ ቱታውን ለብቻው ማጠብና ሳፋውን በደንብ ማለቅለቅ። በጋራዦች የተለመደው፣ ልብስን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ፣ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ክሩን ከቱታው አንሥቶ ወደ አየር ይበትነዋል፤ የቀረውንም በጨርቁ ውስጥ አሳልፎ ወደ ቆዳው ይሰድደዋል። በሬዚን ሥራ በኩል ደግሞ በር መክፈት ብቻ አይበቃም፤ የስታይሪን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየሩም ከወለሉ አቅራቢያ ሊወጣ ይገባል።

የሚያሳክክ ክንድ ይዞ በሦስተኛ ጊዜ ለሚመጣው ወጣት ሊቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። ትናንት በእጅዎ ምን ነካክተው ዋሉ? ቅዳሜና እሑድ ይሻልዎታል ወይ? የሥራ ልብስዎን የሚያጥብልዎ ማን ነው? እርሷንስ ያሳክካታል?